ጳጉሜን ላይ ጓዳ ሲፈተሽ

ጳጉሜን ሲገባ ቤት ይጠረጋል፣ ጓዳም ይፈተሻል። ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመው ዕቃ በአንድ ወገን፣ እጀታው እስኪለሰልስ የተሠራበት በሌላ ወገን ይለያል። በዘንድሮው ፍተሻ ሳላቅማማ ለሰው የምመክራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አዲስ የተገዙት ሦስት ብቻ። የቀሩት ድሮም እቤት ያሉ፣ ግን በጥድፊያ አንዷ እርምጃቸው የምትዘለል ሥራዎች ናቸው። አብሲት ሳይኖረው የሚጋገር እንጀራ፣ ሳይታጠብ የሚነጠር ቅቤ፣ ሳይሟሽ የሚጣድ ጀበና። የምትዘለለው እርምጃ ቀላል ናት፤ ጉድለቷ ግን ገበታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው አብሲትን ነው። እንጀራ ዓይን ሲያጣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጤፉ ነው፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ። አልፎ አልፎ ወቀሳው ልክ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከቡኮውና ከምጣዱ መካከል ባለችው አንድ ድስት ውስጥ ነው። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን አያይዞ አየር የሚቋጥር ግሉተን የለውም። እርሾው የሚፈጥረውን አየር የሚይዝለት የበሰለ ስታርች ነው። አብሲት መጣል ማለት ደግሞ ከሊጡ ጥቂቱን ቀድሞ አብስሎ ለቀሪው መያዣ ማበጀት ማለት ነው።

ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 1 ሊትር ተኩል ያህል ውሃና ከ100 እስከ 150 ግራም እርሾ ይበቃል። ውሃው በአንዴ አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ግማሹ ገብቶ በደንብ ይታሻል፣ የተጓጎለው ዱቄት ሟሙቶ ሲያልቅ ቀሪው ይጨመራል። ማቡኪያው ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሞላት የለበትም፣ ክዳኑም ጥርቅም ብሎ መዘጋት የለበትም፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ክዳኑን አንስቶ ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል። አዲስ አበባ ላይ በበጋ 2 ቀን፣ በክረምት 3 ቀን ይፈልጋል። በቆላ አገር አንድ ቀን ተኩልም ሊበቃው ይችላል። ሲደርስ ከላዩ ቢጫማ ውሃ ይጠልላል። እሱ በቀስታ ይቀዳል፣ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚሆነው እርሾም ከዚሁ ይቀመጣል። ላዩ ላይ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሻጋታ ከታየ ግን ከላይ ገፎ ማዳን አይቻልም፤ ሁሉም ይደፋል።

አሁን አብሲቱ። ከታች ከረጋው ሊጥ አንድ አስረኛው፣ ለ1 ኪሎ ዱቄት 250 ግራም ግድም ማለት ነው፣ ይወሰድና በሦስት እጥፍ ውሃ ይበጠበጣል። መካከለኛ እሳት ላይ ሳይቋረጥ ይማሰላል። መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ቆይቶ ማማሰያው ይከብዳል፣ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ላዩም ያብረቀርቃል። እንደ ወፍራም አጥሚት ሆኖ ፍልቅ ፍልቅ ካለ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይና ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ጥድፊያ ሥራውን የሚያበላሸው። ትኩሱን አብሲት ሊጡ ላይ መገልበጥ ሦስት ቀን የተለፋበትን እርሾ መግደል ነው። ከ45 ዲግሪ በታች መውረድ አለበት። በጣት ሲነካ ለብ ያለ፣ እጅን የማያሸሽ ሙቀት ማለት ነው። ከዚያ ተቀላቅሎ፣ በውሃ ተስተካክሎ፣ ተከድኖ ይቀመጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ኩፍ ይላል፤ መጋገር ያለበት ያኔ ነው። ኩፍ ብሎ ከወረደ በኋላ ከተጋገረ ዓይኑ ይሳሳል፣ ኮምጣጣነቱም ይጨምራል።

የተጋገረውን እንጀራ ብርሃን ላይ አንስቶ ማየት ብዙ ይናገራል። ዓይኑ ከጫፍ ብቻ ሆኖ መሐሉ ከተደፈነ ወይ ሊጡ መሐል ላይ ተኝቷል፣ ወይ የምጣዱ መሐል ቀዝቅዟል። ዓይን ጨርሶ ሳይኖረው ላዩ እንደ ላስቲክ ካብረቀረቀ አክንባሎው ዓይኑ ሳይከፈት ተከድኗል ማለት ነው። እንጀራው ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ፣ በማግስቱም የሚፈረፈር ከሆነ አብሲት አንሶታል ወይም ምጣዱ ከልክ በላይ ግሏል። በተቃራኒው እጅ ላይ የሚጣበቅና መሶብ ውስጥ እርስ በርሱ የሚያያዝ ከሆነ አብሲቱ በዝቷል፣ ወይም እንጀራው ሳይቀዘቅዝ ተደራርቧል። ጀርባው ምንጊዜም ለስላሳ መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ጉድጓድ ካለ ማሰሻው አልደረሰም።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ከበዛበት እርሾውን ያለፈቃዱ ያዘገየዋል፤ ክፍት ዕቃ ላይ አሳድሮ መጠቀም ብዙውን ያስወጣለታል፤ አንዳንድ ከተማ የሚጠቀምበት ክሎራሚን ግን በማሳደር ስለማይወጣ ማጣሪያ ይሻላል። በክረምት ደግሞ መብራቱ ብቻ የበራ፣ እሳቱ የጠፋ ኦቨን ሊጥ ለማስቀመጥ ከሳሎን የተሻለ ቦታ ነው። የኦቨኑ ማብሪያ ላይ ማስታወሻ መለጠፍ ግን አይረሳ፤ ኦቨን የሚያበራ ሰው ከየትም ይመጣል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉም ቤት አለ፤ እዚህ የምመክረው ምጣዱን ሳይሆን መስመሩን ነው። አብዛኛው ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ ይህን ያህል ጭነት ለአንድ ሰዓት ማዋል ፕላስቲኩን ማቅለጥ ነው። ትክክለኛው ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የወጣ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ያለው፣ በ4 ካሬ ሽቦ የተዘረጋ መስመር ነው፤ የምድር ሽቦውም መቆረጥ የለበትም። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሁለት ሦስት እንጀራ ከወጣ በኋላ ማብሪያው ይጠፋና ሶኬቱና መሰኪያው በእጅ ይዳሰሳል። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያሸሽ ከሆነ ውስጡ ያለው ብሎን ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። ላላ ያለ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፤ መጨረሻው ጥቁር የተቃጠለ ሶኬት ነው። ይህን ለኤሌክትሪሺያን የሚከፈል ገንዘብ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ በፊት አስቀድማለሁ።

አዲስ ምጣድ ሲገዛ ማሟሸቱ ጎመን ዘር ይፈልጋል። ጎመን ዘሩ ተወቅጦ የጋለው ምጣድ ላይ ይበተናል፣ በማሰሻ ጨርቅ ይታሻል፣ ሲጨስ ይጠረግና ይደገማል። ሸክላው ጠቁሮ መስተዋት እስኪመስል ድረስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እንጀራዎች ይጣበቃሉ፤ ተስፋ አያስቆርጥም። ከዚያ በኋላ ውሃና ሳሙና ከምጣዱ ይራቅ። ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፣ የጠጣውን በሚቀጥለው ጋገራ ይመልሳል። መብራት መቆጠብ የሚፈልግ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት እንጀራ ሲቀር ያጥፋው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል።

ከተገዙት ዕቃዎች ዋጋቸውን የመለሱት ሁለቱ ትንንሾች ናቸው። አንዱ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ነው። ሌላው መርፌ ያለው ቴርሞሜትር። ስለ ሚዛኑ ብዙ አልልም፤ «በግምት» የምንለው ነገር በየቀኑ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በሳምንቱ ያሳያል። ቴርሞሜትሩን የገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይከተውና 92 ሲል «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ሊመልሰው ይነሳል። አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። 100 የሚሞላው ባሕር ዳርቻ ነው፤ ባሕር ዳር ሳይሆን እውነተኛው ባሕር ዳርቻ። ቴርሞሜትርን ለመፈተሽ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይሻላል፤ ከፍታ ሳይለይ 0 ማለት አለበት።

ይቺ ስምንት ዲግሪ ቀላል ትመስላለች። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት «ሽምብራውን ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅይው» ብላ በስልክ የምትነግረው ልክ ደብረ ብርሃን ላይ የማይሠራው በዚህ የመፍያ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ነው። ሦስተኛው ግዢ እዚህ ላይ ይገባል፦ ፕሬዠር ኩከር የምንለው የግፊት ድስት። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽምብራ በተራ ድስት ከሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ በግፊት ድስት እስትንፋሱ መውጣት ከጀመረ በኋላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። የድስቱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቆላ የተጻፈ ነው፤ ለአዲስ አበባ አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዴ አንድ ሩብ ይጨመርበታል። ክክና ምስር ሲቀቀል አረፋ ስለሚያወጣ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ አረፋው መተንፈሻዋን ቀዳዳ ከደፈናት አደጋ ነው። ክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ስትደርቅና ስትሰነጠቅ እንፋሎቱ በጎን ይወጣል፣ ድስቱም ግፊት አይዝም። ያኔ የሚለወጠው ጎማው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ድስቱን ይጥላል።

ቅቤ። ከ1 ኪሎ ጥሬ ቅቤ 800 ግራም አካባቢ ንጥር ከወጣ ጥሩ ቅቤ ነው፤ ከ700 በታች ከወረደ ግን ውሃ ገዝታችኋል። ሚዛኑ ለዚህም ይጠቅማል፣ በሚቀጥለው ከየትኛዋ ሻጭ እንደሚገዛ ይናገራል።

እዚህ የምትዘለለው እርምጃ እጥበት ናት። የገጠር ቅቤ ከእርጎ ስለሚናጥ ውስጡ አሬራ ይቀራል። አሬራው እሳት ሲነካው ቶሎ ያራል፣ ከቀረም ቅቤውን ያሻግተዋል። ስለዚህ ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየታሸ ውሃው እስኪጠራ 3 ወይም 4 ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ ወፍራም ታች ያለው ድስት ውስጥ በዝግታ ይቀልጣል። ለ1 ኪሎ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል በደቃቁ ተከትፈው ቅቤው መንጫጫት ሲጀምር ይገባሉ። ቅመሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የታመሰ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ነው። አብሹ ከዚህ ከበዛ ይመራል። ኮሰረትና በሶብላ ቅጠል ስለሆኑ መጨረሻ ላይ፣ ከመውረዱ 10 ደቂቃ በፊት ብቻ ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ መዓዛቸው ጎረቤት ጋ ይደርሳል እንጂ ቅቤው ውስጥ አይቀርም። ኮረሪማም ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ ፍሬው ከነቅርፊቱ ተገዝቶ በዕለቱ ቢወቀጥ ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል።

መድረሱን ጆሮ ነው የሚያውቀው። ቅቤው ውሃ እስካለው ድረስ ይንጫጫል። ድምፁ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ አረፋው ይሸሻል፣ የድስቱ ታች ጥርት ብሎ ይታያል። ጸጥ ሲል ይወርዳል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ሙቀቱ 100ን አልፎ ወደ 110 ሲጠጋ ያንኑ ያያል። ነጭ ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን ከተጠበቀ አልፏል፤ ምሬቱን ምንም አይመልሰውም። በወንፊት ከዚያም በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠልላል። የሚገባበት ጠርሙስ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ይሁን፣ የሚጨልፈውም ማንኪያ እንዲሁ። ከዐቢይ ጾም በፊት የተነጠረ ቅቤ 55ቱን ቀን አልፎ ፋሲካ ላይ እንደ ዕለቱ የሚሸተው በዚህ ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ ያለበት ማንኪያ ግን ሆሳዕና ሳይደርስ ታሻግተዋለች።

ጀበናን መጨረሻ ያመጣሁት ስለምቸኩልበት አይደለም። ሲገዛ በጣት ኳ ይደረጋል። የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካለው በዓይን የማትታይ ስንጥቅ አለችበት። ቀጥሎ በአፉ ነፍቶ አየሩ በጡቱ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ሲሠራ ጭቃ ይቀርበታል። እቤት ሲደርስ በውሃ ብቻ ይለቀለቅና ውስጡ የቡና አተላና ውሃ ተሞልቶ በለስላሳ እሳት ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። አተላው የሸክላውን ደቃቅ ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ የአፈሩን ጠረንም ያወጣል። ሳይሟሽ የተፈላበት ጀበና ለሳምንታት የዝናብ ሽታ ያለው ቡና ይሰጣል፤ የሚወዱት አሉ፣ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም።

ለ8 ሲኒ 700 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ግራም ቡና ይሆናል። ጥሬው 60 ግራም ይመዘናል፤ ሲቆላ አንድ ስድስተኛ ግድም ይቀንሳል። ታጥቦ ብረት ምጣድ ላይ ሲገባ መጀመሪያ ውሃው ይተናል፣ ከዚያ ፍሬው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ የተቆላ ገብስ ይሸታል። እጅ ማቆም አይቻልም፤ አንድ ጎን ጠቁሮ ሌላው አረንጓዴ ከቀረ ቡናው በአንዴ መራራም ኮምጣጣም ይሆናል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ መንጣጣት ይጀምራል። ጣጣታው ሳሳ ሲል፣ ቀለሙ ገና የደረቀ ተምር ሲመስል፣ ወደ ሰፌድ ይገለበጣል፤ ብረት ምጣዱ ላይ ከተተወ እሳቱ ቢጠፋም መቆላቱን ይቀጥላል። ይርጋጨፌ ወይም ሲዳማ ከሆነ በተለይ ቀድሞ ማውረድ ይገባል፤ የአበባ ጠረኑን ገዝቶ በጭስ መሸጥ ብክነት ነው። ሐረርና ጅማ ትንሽ ጠቆር ቢሉ ይችሉታል።

ሙቀጫና ዘነዘና ከወፍጮ የሚሻሉት በፍቅር ምክንያት አይደለም። የወፍጮው ዱቄት በጣም ስለሚልም አይሰክንም፤ ሲኒው ሥር ጭቃ ይሆናል። የተወቀጠው ሸካራ አሸዋ ሲመስል ይበቃል። ውሃው ጀበናው ውስጥ ሲሞቅ ቡናው በአንገቱ ይገባል፣ እሳቱም ይቀንሳል። አንገቱ ላይ ሲንተከተክ ጥቂት ይቀዳና ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ይወርድና ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይሰክናል። ሲቀዳ አንድ ጊዜ ከተዘነበለ ሳይቀና ሲኒው ሁሉ ይሞላል። ጀበናውን በየሲኒው ማቃናትና መልሶ መዘንበል የሰከነውን ያናውጠዋል፣ ከአምስተኛው ሲኒ ጀምሮ የሚጠጣው አተላ ነው። ለቶና የሚጨመረው ውሃ ሙቅ መሆን አለበት፤ የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ጀበናን ከሁሉ በላይ የሚሰነጥቅ ጥፋት ነው። ጤና አዳም ያለው አንድ ቅርንጫፍ ሲኒው ላይ ጣል ያድርግ።

በመጨረሻ ጀበናው በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቀለቃል። ውታፉ ይነቀላል፣ ክዳኑ ይነሳል፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ነፋስ ያለበት ቦታ ያድራል። እርጥቡን ተወትፎ ያደረ ጀበና ውስጡ ይሻግታል፤ ያኔ ማሟሸቱ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።